ትንሽ አገር በምን ትበለጽጋለች?

ወጣቶች ስለ መንግሥታት ሀብትና ድህነት ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ የምሰማው አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም አንድ አገር ለመበልጸግ ሰፊ መሬት፣ ብዙ ሕዝብ፣ የባሕር በርና በምድር ውስጥ የተቀበረ ማዕድን ያስፈልገዋል፤ እነዚህ የሌሉት አገር ግን ዕጣው ድህነት ነው የሚል ነው። ይህ ሐሳብ ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም። ሰፊ መሬትና ማዕድን ያለው ሕዝብ፣ ከሠራበት፣ ታላቅ ጸጋ አለው። ነገር ግን ሐሳቡ ሙሉ እውነት እንዳይደለ የሚያስረዳ አንድ አገር ስላለ ታሪኩን ባጭሩ ልነግራችሁ አሰብሁ። የአገሩም ስም ሊክተንስታይን ይባላል።

ሊክተንስታይን በአልፕስ ተራሮች ግርጌ፣ በስዊስና በኦስትሪያ መካከል የምትገኝ፣ ልዑል የነገሠባት ትንሽ አገር ናት። ስፋትዋ 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ የአዲስ አበባን ከተማ ሲሶ እንኳ አታህልም። ሕዝብዋም 40,000 ገደማ ነው። ባሕር የላትም፤ ጎረቤቶችዋም ሁለቱም ባሕር የላቸውም። ወርቅ፣ የምድር ዘይትና የድንጋይ ከሰል አልተገኘባትም። የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ በምድርዋ የሚያልፈውንም ምድር ባቡር የሚያሠራው የኦስትሪያ መንግሥት ድርጅት ነው። እንዲህም ሆና ሳለ በፋብሪካዎችዋ የሚሠሩት የግንብ መብሻ መኪናዎች፣ ሰው ሠራሽ ጥርሶችና የአውቶሞቢል መሪ ዕቃዎች በዓለም ሁሉ ይሸጣሉ። የአገሩ ዓመታዊ ገቢ ለያንዳንዱ ነዋሪ ቢካፈል በዓለም እጅግ ባለጠጎች ከሚባሉት ሕዝቦች ጋር ትቈጠራለች።

ይህ እንዴት ሆነ? ታሪኩን በተመለከትሁ ጊዜ ያገኘሁት ነገር አንድ መንገድ ሳይሆን ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በእጅና በአእምሮ ሠርቶ የመሸጥ መንገድ ነው። ሁለተኛው የመንግሥትን ስምና ማኅተም የመሸጥ መንገድ ነው። ይህች አገር ሁለቱንም ሄዳባቸዋለች፤ ከሁለቱም ገንዘብ አግኝታባቸዋለች። ነገር ግን ሁለቱ መንገዶች ያመጡት ውጤት አንድ አይደለም። እኔም ለእናንተ ለወጣቶች ላስረዳ የምወደው ይህንኑ ልዩነት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የሊክተንስታይን መሳፍንት በቪየና ከተማ የሚኖሩ፣ በቦሔሚያና በሞራቪያ ሰፊ ርስት ያላቸው ባለጠጎች ነበሩ። ሀብት ሞልቶአቸው ሳለ አንድ ነገር ይጐድላቸው ነበር፤ ይኸውም ከንጉሠ ነገሥቱ በቀር ሌላ የበላይ የሌለው፣ በመንግሥቱ ታላቅ ጉባኤ ወንበር የሚያሰጥ ግዛት ነው። ስለዚህ በ1699 ሼለንበርግ የሚባለውን፣ በ1712 ደግሞ ቫዱዝ የሚባለውን ግዛት በገንዘብ ገዙ። በ1719 ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ ሁለቱን አንድ አድርጎ በቤተ ሰቡ ስም ሊክተንስታይን ብሎ ሰየማቸው። እንግዲህ አገሩ የተገዛው ለምርቱ ሳይሆን ለማዕረጉ ነበረ። ገዥዎቹም ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ በሩቅ ሆነው ገዙት፤ በዙፋን ላይ ሳለ ወደዚያ ሄዶ ሕዝቡን ያየ የመጀመሪያው ልዑል አሎይስ 2ኛ ነው፤ ይህም በ1842 ሆነ።

ሕዝቡ ግን በጠባብ መሬት ላይ የሚታገል ድኃ ገበሬ ነበረ። በአገሩ ምዕራብ የሚወርደው የራይን ወንዝ በየጊዜው እየሞላ እርሻውን ይወስደው ነበር፤ ከወንዙ አጠገብ ያለውም ሜዳ ረግረግ ስለ ነበረ ሰብል አያበቅልም ነበር። ወንዶቹ የግንበኝነት ሥራ ፍለጋ በበጋ ወደ ሌላ አገር ይሄዱ ነበር። ከነርሱም ብዙዎቹ ተስፋ ቈርጠው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በአዮዋ ግዛት በጉተንበርግና በዱቡክ የሰፈሩ አሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የልጆቹ ነገር ነው። ክረምቱ አልፎ የጸደይ ወራት ሲጠባ ድሆች ወላጆች ልጆቻቸውን በእግር ወደ ጀርመን፣ ሽቫበን ወደሚባለው አገር ይሰዱአቸው ነበር። በዚያም ልጆቹ በገበያ መካከል ይቆማሉ፤ ባለ መሬቶቹም እየመረጡ ለከብት ጥበቃ ይቀጥሩአቸዋል። መከር ሲያልቅ ልጆቹ ጥቂት ገንዘብና አንድ ሙሉ ልብስ ይዘው ይመለሱ ነበር። ዛሬ ከዓለም ባለጠጎች አንዱ የሆነው ሕዝብ ያን ጊዜ ልጆቹን በገበያ አቁሞ የሚያስቀጥር ሕዝብ እንደ ነበረ ልብ በሉ።

የመጀመሪያው የለውጥ በር የተከፈተው በውል ነው። በ1852 ሊክተንስታይን ከኦስትሪያ ጋር የጉምሩክ ውል ስላደረገች ከዚያች ትንሽ አገር የሚወጣው ዕቃ ቀረጥ ሳይከፍል በሰፊው የኦስትሪያ ግዛት የሚሸጥ ሆነ። ይህን ያዩ የስዊስ ነጋዴዎች ከተራራው የሚወርደውን ውሃ ለመኪና ኃይል አድርገው በ1860ዎቹ በትሪዘን፣ ኋላም በቫዱዝ የጥጥ መፍተያና የሸማ መሥሪያ ፋብሪካ አቆሙ። በ1868 መንግሥቱ 80 ያህል የነበሩትን ወታደሮቹን አሰናበተ፤ ከዚያ ወዲህም ሠራዊት የለውም። በ1872 ደግሞ ከኦስትሪያ ወደ ስዊስ የሚያልፈው ምድር ባቡር በሻን ከተማ በኩል ተዘረጋ። በፋብሪካው የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ፤ የሥራው ሰዓት ረጅም፣ ደመወዙም ትንሽ ነበረ። ቢሆንም ከእርሻ ሌላ እንጀራ መኖሩን ሕዝቡ ያን ጊዜ አየ።

ነገር ግን በሌላው ትከሻ ላይ የተደገፈ ሰው፣ ደጋፊው በወደቀ ጊዜ አብሮ ይወድቃል። በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሊክተንስታይን ምንም እንኳ በጦርነቱ ባትገባ ከኦስትሪያ ጋር በጉምሩክ የታሰረች በመሆንዋ ጥጥም እህልም ተከለከለባት። ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፤ ሕዝቡም ተራበ። ጦርነቱ ባለቀ ጊዜ ደግሞ የኦስትሪያ ገንዘብ ዋጋው ስለ ወደቀ ገበሬው በስንት ዓመት ድካም ያጠራቀመው ቁጠባ ወረቀት ሆኖ ቀረ።

በዚያን ጊዜ የአገሩ ሰዎች ያደረጉትን ነገር እኔ እንደ ታላቅ ጥበብ እቈጥረዋለሁ። በ1919 ከኦስትሪያ ጋር የነበረውን ውል አፈረሱ፤ ፊታቸውንም ወደ ስዊስ አዙረው በ1923 አዲስ የጉምሩክ ውል ተፈራረሙ። ውሉም በ1924 መጀመሪያ በሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ውል ምክንያት የስዊስ የጉምሩክ ሕግ በሊክተንስታይን የሚሠራ ሆነ፤ የኦስትሪያንም ወሰን የሚጠብቁት የስዊስ ዘበኞች ሆኑ። በዚያው ዓመት የስዊስ ፍራንክ የአገሩ ገንዘብ እንዲሆን በሕግ ተደነገገ። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «የራሱ ገንዘብ የሌለው፣ ወሰኑን ሌላ የሚጠብቅለት፣ ይህ ምን መንግሥት ነው?» ይል ይሆናል። እነርሱ ግን ክብርን ከእልኽ ለዩ። መንግሥታቸውን፣ ምክር ቤታቸውንና ፍርድ ቤታቸውን በእጃቸው አስቀሩ፤ ብቻቸውን ሊሸከሙት የማይችሉትን ሸክም ግን ከጎረቤት ጋር ተካፈሉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። የጸና ገንዘብና የተከፈተ ወሰን ባይኖር ኖሮ በኋላ የምነግራችሁ ፋብሪካ ሁሉ ሊቆም ባልቻለም ነበር።

ይሁን እንጂ ውል በሩን ይከፍታል እንጂ እንጀራ አይጋግርም። አገሩ ገና ድኃ ስለ ነበረ መሪዎቹ በቶሎ ገንዘብ የሚያመጣ ነገር ይፈልጉ ጀመር። ከ1912 ጀምሮ ይታተም የነበረው የፖስታ ቴምብር ለውጭ አገር ሰብሳቢዎች እየተሸጠ ጥሩ ገቢ ይሰጥ ነበር፤ በዚህ ነውር የለበትም። ነገር ግን በዚህ አላቆሙም። በአገሩ ላልኖሩ የውጭ ባለጠጎች ዜግነትን በብዙ ገንዘብ ይሰጡ ጀመር። በ1926 በወጣው ሕግ ደግሞ ማንም የውጭ ሰው በሊክተንስታይን ኩባንያ ማቋቋም ቻለ፤ ለኩባንያው ሠራተኛም ፋብሪካም አያስፈልገውም፤ አንድ ስምና አንድ የፖስታ ሣጥን ይበቃዋል። ቀረጡም እጅግ ትንሽ ነበረ። ለውጭ ሰዎች የሎተሪ ፈቃድም ተሰጠ። ስምን የመሸጥ መንገድ ያልሁት ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት መከራ በተከታታይ መጣ። በመስከረም 1927 የራይን ወንዝ ሞልቶ በሻን የምድር ባቡር ድልድይ አጠገብ ግድቡን ሰበረና የታችኛውን ሜዳ አጥለቀለቀው። ቤትና እርሻ ጠፋ፤ የሰውም ሕይወት አለፈ። በሚከተለው ዓመት በ1928 ደግሞ የአገሩ የቁጠባ ባንክ የአስተዳደር ሰዎችና ግብረ አበሮቻቸው የሕዝቡን ገንዘብ ያለ ሥልጣን አውጥተው ለራሳቸው ንግድና ለሎተሪ ነገር እንዳዋሉት ተገለጠ። መንግሥቱ ሥልጣኑን ለመልቀቅ ተገደደ፤ አዲስ ምርጫ ተደረገ፤ ጥፋተኞቹም በፍርድ ተቀጡ። ነገር ግን ፍርድ የጠፋውን ገንዘብ አይመልስም። ወንዙ የወሰደውን ሕዝቡ በእንባ ተቀበለው፤ ሰው የወሰደው ግን ከእንባም በላይ በገዛ ወንድሙ ላይ ያለውን እምነት አጠፋበት።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቼ፣ ከዚህ መከራ በኋላ የተሠራውን ሥራ ተመልከቱ። ከ1931 እስከ 1943 ድረስ በአገሩ ርዝመት 26 ኪሎ ሜትር የሚያህል የውሃ ቦይ ተቈፈረ። ሥራ ያጡት ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው በዕለት ደመወዝ ቈፈሩት። ከተራራ የሚወርዱት ወንዞች በዚህ ቦይ ገብተው ስለ ሄዱ ረግረጉ ደረቀ፤ የእርሻም መሬት ሆነ። ለሥራ አጡ እንጀራ፣ ለልጅ ልጁ መሬት የሆነ ሥራ ይህ ነው። ስለ እውነት ለመናገር የሊክተንስታይን ብልጽግና የተጀመረበትን ቦታ አሳየን ብትሉኝ ወደ ባንኮቹ ሳይሆን ወደዚህ ቦይ እወስዳችሁ ነበር።

በዚያው ዘመን ትናንሽ የሥራ ቤቶች ይከፈቱ ጀመር። በ1933 ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ኢቮክላር የተባለ ድርጅት ከዙሪክ ወደ ሻን መጣ። በ1935 ቶኒ ሒልቲ የተባለ ሰው አትክልትን በቈርቈሮ አሽጎ የሚሸጥ ፋብሪካ አቆመ፤ የገበሬውም አትክልት ገበያ አገኘ። በ1941 ማርቲን ሒልቲና ወንድሙ ኦይገን በሻን ከተማ አምስት ሠራተኞች ይዘው አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ከፈቱ። በዚሁ ዓመት በኤሼን ፕሬስታ የተባለው ፋብሪካ ተቋቋመ።

በዚህ ላይ ደስ የማያሰኘውንም ነገር ልደብቅባችሁ አልፈልግም። ያ ዘመን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስለ ነበረ ከነዚህ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ለጀርመን ጦር የሚያገለግል ዕቃ ይሠሩ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ መንግሥቱ ራሱ የታሪክ መርማሪዎች ሰይሞ ነገሩን አስመረመረ፤ ውጤቱም በ2005 ለሕዝብ ተገለጠ። በምርመራው እንደ ታወቀው በኦስትሪያ በነበረው በመሳፍንቱ ርስት ላይ ከግዞት ሰፈር የመጡ አይሁድ በግድ ሠርተዋል። ሥራ ክቡር ነው ስንል ለማንና በማን ጉልበት እንደ ተሠራ መጠየቅ እንዳለብን ይህ ያስተምረናል። ጥፋቱን ራሱ መርምሮ ራሱ ያሳተመ መንግሥት ግን ከሚደብቀው ይሻላል።

በ1945 ጦርነቱ ባለቀ ጊዜ ለጦር የሚሠራው ፋብሪካ ሁሉ ገበያው በአንድ ቀን ጠፋ። እንግዲህ ፈተናው ይህ ነው፤ ገበያው ሲጠፋ ምን ይቀራል? ለሒልቲ ወንድማማቾች የቀረላቸው የሠራተኞቻቸው የእጅ ጥበብ ነበረ። ትንሽ ትልቁን ዕቃ እየሠሩ ቈዩ። አውሮፓ የፈረሰውን ከተማ እንደገና በሚሠራበት በዚያ ጊዜ ግንበኛው ብረትና እንጨት ከሲሚንቶ ግድግዳ ጋር ለማያያዝ ይቸገር እንደ ነበረ ተመለከቱና ምስማርን በባሩድ ኃይል በግድግዳ ውስጥ የሚተክል መሣሪያ ሠሩ፤ ኋላም በ1967 ሲሚንቶ የሚበሳ የኤሌክትሪክ መዶሻ አወጡ። መሣሪያቸውንም በነጋዴ እጅ ብቻ አልሸጡትም፤ የራሳቸው ሰዎች ቤት ወደሚሠራበት ቦታ ሄደው ለግንበኛው ያሳዩታል፣ ችግሩንም ይጠይቁታል። በአምስት ሠራተኞች የተጀመረው ሥራ ዛሬ በዓለም ሁሉ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች አሉት። በልጅነታቸው ግንበኝነት ፍለጋ የተሰደዱ አባቶች ልጆች ለዓለም ግንበኞች መሣሪያ አቅራቢ ሆኑ ማለት ነው። የፕሬስታም ፋብሪካ ከጥይት ወደ አውቶሞቢል መሪ ሥራ ተመለሰ።

በ1946 ደግሞ ማክስ አውቬርተር የተባሉ ፕሮፌሰር በባልዘርስ መንደር አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ በመስተዋት ላይ እጅግ ቀጭን ሽፋን የመቀባትን ጥበብ ይዘው መጡ። ለዚህም ሥራ ገንዘብ ካወጡት አንዱ የአገሩ ልዑል ፍራንዝ ዮሴፍ 2ኛ ነበሩ። እኒህ ልዑል ከ1938 ጀምሮ መኖሪያቸውን በቫዱዝ ስላደረጉ፣ በአገሩ ውስጥ ከሕዝቡ ጋር የኖሩ የመጀመሪያው ገዥ ናቸው።

በዚያው ዘመን የሆነ፣ ልብን የሚነካ አንድ ታሪክ አለ። ኩርት ሄርዝስታርክ የተባለ የቪየና ሰው፣ ቤተ ሰቡ የሒሳብ መኪና ሠሪ ነበረ። አባቱ አይሁዳዊ ስለ ነበረ በ1943 ናዚዎች ይዘው ቡኸንቫልድ በተባለው የግዞት ሰፈር አስገቡት። በዚያ የሞት ቦታ ሆኖ፣ በአንድ እጅ መዳፍ የሚያዝ የሒሳብ መኪና ንድፍ በወረቀት ላይ ሠራ፤ አዛዦቹ ከድል በኋላ ለሒትለር ስጦታ ይሆናል ብለው ስላሰቡ ፈቀዱለት። በ1945 ነጻ በወጣ ጊዜ ንድፉ በእጁ ነበረ። ሊክተንስታይን ተቀበለችው፤ በማውረን መንደር ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ከ1948 ጀምሮ ኩርታ የተባለው መኪና ይሸጥ ጀመር። ከ500 የሚበልጡ ጥቃቅን ክፍሎች የነበሩት ይህ መኪና ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ያባዛል፣ ያካፍላል፤ ኤሌክትሪክም አይሻም። 140,000 ያህል ተሠርቶ ተሸጠ። ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ግን ኩባንያውን እንደገና በማቋቋም ስም የሄርዝስታርክን ድርሻ ሊያሳጡት ሞከሩ። ያዳነውም የፈጠራው መብት ገና በራሱ ስም መመዝገቡ ነው፤ ስለዚህ ሊስማሙት ግድ ሆነባቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኤሌክትሮኒክ ሒሳብ መኪና ስለ መጣ ኩርታ መሠራቱ ቀረ። ከዚህ ሁለት ነገር ተማሩ። አንደኛ፣ የእጅ ጥበብ ያለው ሰው መብቱን በጽሑፍ ማስጠበቅ እንዳለበት፤ ሁለተኛ፣ እጅግ ግሩም የሆነ ሥራ እንኳ ዘመኑ እንደሚያልፍ ነው። የማያልፈው መማር ብቻ ነው።

አሁን እነዚህን ዕቃዎች በአንድነት ተመልከቱአቸው፤ ጥርስ፣ የመስተዋት ሽፋን፣ የሒሳብ መኪና፣ የመብሻ መሣሪያ። ሁሉም ክብደታቸው ጥቂት፣ ዋጋቸው ግን ብዙ ነው። ባሕር የሌለው አገር ከባድና ርካሽ ነገር ቢሠራ የመጓጓዣው ኪራይ ትርፉን ይበላዋል። በአንድ ሣጥን ውስጥ ብዙ ጥበብ አሽጎ የሚልክ ግን ኪራዩ አይጐዳውም። ደግሞም የራሳቸው ገበያ አንድ መንደር ስለሚያህል ከመጀመሪያው ጀምሮ ለዓለም መሥራት ግዴታቸው ነበረ። ስለዚህ ሁሉን ለመሥራት አልሞከሩም፤ አንዳንድ ጠባብ ሥራ መርጠው በዚያ ከማንም የበለጡ ለመሆን ደከሙ።

ጥበቡስ ከየት መጣ? ከትምህርት ነው። ልጆቹ በፋብሪካ ከባለሙያ ሥር ሆነው በእጅ ይማራሉ፤ ከሳምንቱም የተወሰኑ ቀናት በወንዙ ማዶ በስዊስ ባለው የሙያ ትምህርት ቤት በመጽሐፍ ይማራሉ። በ1961 በቫዱዝ የማታ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሠራተኛው ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ ሒሳብና ንድፍ የሚማርበት ይህ ቤት እያደገ ሄዶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖአል። የእጅ ሥራን የሚንቅ ሕዝብ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር።

የሚወቀሱበትም አለ። የአገሩ ሴቶች ከመጀመሪያው የጥጥ ፋብሪካ ጀምሮ በመኪናው ፊት ቆመው ሲሠሩ፣ ምክር ቤቱን የመምረጥ መብት ያገኙት በ1984 ነው፤ በአውሮፓም የመጨረሻዎቹ ናቸው። ደግሞም የአገሩ ተወላጆች ብቻቸውን ይህን ሀብት አልሠሩትም። ከነዋሪው ሲሶ ያህሉ የውጭ አገር ሰው ነው። ከሠራተኛው ከግማሽ የሚበልጠው በየማለዳው ከስዊስ፣ ከኦስትሪያና ከጀርመን ወሰን እየተሻገረ መጥቶ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በ1995 አገሪቱ ወደ አውሮፓ የኢኮኖሚ ማኅበር ስትገባ ከስዊስ ጋር ያላትንም ውል ሳታፈርስ ነው፤ ስለዚህ በሁለት ገበያ ትነግዳለች። ትንሽ አገር ብቻዋን የበለጸገች መስሎአችሁ እንዳትሳሳቱ።

ወደ ሁለተኛው መንገድ ልመለስ። የፖስታ ሣጥን ኩባንያው ንግድ ከጦርነቱ በኋላ እጅግ በዛ። የስም ኩባንያዎቹ ቍጥር ከነዋሪው ቍጥር የበለጠበት ጊዜ ነበረ። ከነዚህ የሚገኘው ቀረጥ መንገድና ትምህርት ቤት እንደ ሠራ መካድ አይገባም፤ የገንዘብ ንግዱም ሁሉ ሐሰተኛ አልነበረም። ነገር ግን ብዙ የሌላ አገር ባለጠጎች ለመንግሥታቸው ሊከፍሉት የሚገባውን ቀረጥ ይደብቁበት ነበር። በ2008 ከአንድ ባንክ የወጣ የስም ዝርዝር በጀርመን መንግሥት እጅ መግባቱ ተገለጠ፤ ታላላቅ ሰዎች ተከሰሱ፤ የአገሩም ስም በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ተነሣ። በሚከተለው ዓመት በ2009 መንግሥቱ ቀረጥ የሚሸሽ ሰው መደበቂያ ላለመሆን ቃል ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ለሌሎች መንግሥታት ወሬ የሚሰጥበትን ውል ተራ በተራ ተፈራረመ።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ «አንተ ሁለቱን መንገድ ትለያለህ፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ ባይመጣ ፋብሪካውና ትምህርት ቤቱ ይቆም ነበርን?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለቱ በአንድ አገር ጐን ለጐን ስላደጉ ፈጽሞ ለያይቶ መመዘን አይቻልም። እኔ ግን የምመልሰው እንዲህ ነው። ነገሮች የሚመዘኑት በደኅና ቀን ሳይሆን በክፉ ቀን ነው። በ1945 ገበያ ሲጠፋ ፋብሪካው ሥራውን ለወጠ እንጂ አልወደቀም፤ እጁ የሚያውቀውን ማንም ሊቀማው አልቻለምና። በ1928ና በ2008 ግን ምስጢሩ በተገለጠ ቀን የተሸጠው ስም ረከሰ፤ ያልበደለውም ሕዝብ ከበደለው ጋር አብሮ አፈረ። ዛሬም ቢሆን ከአገሩ ሀብት ሁለት አምስተኛ ያህሉ የሚገኘው ከፋብሪካ ሥራ ነው፤ ለአውሮፓ አገሮች ይህ እጅግ ከፍ ያለ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ አገሬ ምን አላት ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት እጄ ምን ያውቃል ብላችሁ ጠይቁ። ሙያ ስትመርጡ ቶሎ የሚከፍለውን ብቻ ሳይሆን ገበያ ሲለወጥ ከእናንተ ጋር የሚቀረውን ምረጡ። ከጎረቤት ጋር መዋዋልን እንደ ውርደት አትቍጠሩት። ስማችሁንም፣ ሰው ሥራውን አይቶ የሚያምነው ነገር እንጂ ለማያውቃችሁ ሰው የሚከራይ ዕቃ አታድርጉት።

በ1928 ቁጠባው የባከነበትና ከሦስት ዓመት በኋላ አካፋ ይዞ ወደ ቦዩ የወረደው ሕዝብ አንድ ሕዝብ ነው። በሎተሪ የባከነው ገንዘብ የት እንደ ገባ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ቦዩ ግን ውሃውን ይዞ እስከ ዛሬ ይወርዳል፤ በዳሩም ያለው መሬት ይታረሳል።